ግንቡ ሥር ያካፈልከኝ ቃል

አሰላሙ ዐለይኩም ይመርዬ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አንተን ጤናህ እንዴት ነው ልልህ ስለማልችል የኛን ልንገርህ። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ሐያትም ደህና ናት፤ ቁመቷ ጨምሯል፣ ምላሷም እንደዚያው። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ነው። በብርዱ መካከል ጥለኸን ሄድክ፣ ይኸው ያው ብርድ ዞሮ መጣ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶ ያረፍዳል።

ይህን የምጽፍልህ ስለናፈቅከኝ ብቻ ነው ብለህ እንዳታስብ። ናፍቀኸኛል፣ እሱ የታወቀ ነው። ግን ተናድጄብሃለሁም። እቅጩን ልንገርህና ቀንቻለሁ። በሞተ ባል ይቀናል ወይ ብለህ እዚያው ሆነህ እንዳትስቅብኝ። ይቀናል። በሕይወት ባለው ከመቅናትም ይብሳል፤ በሕይወት ያለው ቢያንስ ይምላል፣ ይገዘታል፣ ያስተባብላል። አንተ ዝም ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልጨርስ። መብራት ተመልሷል። የደሴ መንገድ ተከፍቷል። ሰላም ሆኗል እየተባለ ነው፤ ሰዉ ግን ገና በግማሽ ልቡ ነው፣ ከመኪና ላይ በርሜል ሲወድቅ ገበያው ሁሉ ይደነግጣል። የጣሪያችንን ቀዳዳ ወንድምህ ደፈነልኝ። የግቢያችን ግንብ በበሩ በኩል ያለው ጎኑ ተንዶ ነበር፣ በዚያው ድንጋይ መልሼ አስገነባሁት። አንተ የምትቀመጥበት በኩል አልተነካም። ግንበኛው "ሁሉንም አፍርሼ አንድ ዓይነት ላድርግልሽ፣ ያምራል" ሲለኝ እንዴት እንደጮህኩበት ብታይ ታዝንለት ነበር። ምስኪኑ ሰውዬ መዶሻውን እንደያዘ ወደኋላ ሸሸ።

የዓሣ ቤቴንም ከፍቻለሁ። ከዓረብ አገር የተመለሱት ልጆች እንደ ድሮው ይመጣሉ፣ ዓሣቸውን አዝዘው ሪያድ ይሞቃል፣ የለም ጅዳ ይሞቃል እያሉ ይከራከራሉ። እኔም እንደ ድሮው ጅዳ ብዬ እፈርዳለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። ቅናቴ የመጣው በዚያች በእንግሊዝኛዋ ቃል ነው። በአፕሪሲቲ።

መቼ እንደሰጠኸኝ ታስታውሳለህ? እኔ ከጅዳ የተመለስኩት አገሩ ሁሉ ለውጥ ለውጥ በሚልበት ሰሞን ነበር። ሬዲዮኑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሻይ ቤቱ ወሬ ሁሉ በየቀኑ አዲስ ቃል ይዞ ይመጣል። አንተ ደግሞ የሐይቅ ከተማ ልጆችን እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ የኮትህ እጅጌ ከጠመኔ ተላቆ የማያውቅ ሰው ነበርክ። ኒካህ ባሰርን ማግስት ጠዋት ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ አይተህ ከቤት አወጣኸኝና ግንቡን አስደግፈህ አስቀመጥከኝ። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ብቅ አለች። መጀመሪያ ጉልበቴን ነካችኝ፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ ፊቴን። እኔ ለዓመታት ፀሐይን ስሸሽ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጅዳ ውጭው ያቃጥላል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ማቀዝቀዣው አጥንት ድረስ ይገባል፤ መካከል የሚባል ነገር የለም። እዚያ ግንብ ሥር ግን መካከሉን አገኘሁት። ዓይኔን ስጨፍን "ይሄ ነገር እኮ ስም አለው" አልከኝ። "አፕሪሲቲ ይባላል።"

ከዚያ አስተማሪነትህ መጣ። የክረምት ፀሐይ ሙቀት ማለት ነው ስትለኝ "በክረምት ደግሞ ምን ፀሐይ አለ፣ ዝናብ አይደል እንዴ?" አልኩህ። ከት ብለህ ሳቅክ። የነሱን የብርድ ወቅት በኛ ቋንቋ ክረምት እያሉ መጻሕፍቱ ስንቱን ተማሪ እንዳሳሳቱት ነገርከኝ። የነሱ ክረምት የኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው እንጂ ሐምሌ አይደለም አልክ። ቃሏ ከላቲን የመጣች ናት፤ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ አስገባት፣ ከዚያ ወዲህ ግን እንግሊዞቹ ራሳቸው ረስተዋታል፤ መጽሐፍ ውስጥ ገብታ አፍ ውስጥ ሳትገባ የቀረች ናት አልከኝ። እንደኛ ቁጭ ብሎ መሞቁም የራሱ ስም አለው፣ አፕሪኬት ማድረግ ይባላል አልክ። የሚያስቅ ነገር ነው፤ አገሩ ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሚያደርገውን ነገር አንተ በእንግሊዝኛ ፈቀድክልኝ።

አጠቃቀሟ ላይ ደግሞ ጥብቅ ነበርክ። ሚያዝያ ላይ "ዛሬ አፕሪሲቲ ነው" ብልህ "ኧረ በአላህ፣ ይሄማ ሐሩር ነው" ትለኛለህ። ከሰዓት በኋላ ብልህ "በርዶሽ ነበር? አልበረደሽም። እንግዲያው አይባልም" ትላለህ። ለምድጃ እሳት አይባልም። ለብርድ ልብስም አይባልም። መጀመሪያ ብርዱ ሰውነት ውስጥ መግባት አለበት፣ ከዚያ ፀሐይዋ ራሷ መጥታ ልትነካህ ይገባል። ሁለቱ ካልተገናኙ ቃሏ አትጠራም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሴት በእንግሊዝኛ ከእንግሊዞች የምበልጥባት አንዲት ቃል ነበረችኝ። ለማንም ተናግሬያት አላውቅም። ምንም የማልደብቃት ጎረቤታችን እታለም ከድጃ እንኳ አልሰማቻትም። የኛ ናት፣ የሁለታችን ብቻ ናት ብዬ ይዣት ነበር።

ጦርነቱ ወደኛ ሲወርድ የሆነውን አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን ልጻፈው። መንገዱ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ። ለስኳርህ የምትወጋውን መድኃኒት የማኖርበት ማቀዝቀዣ ስላልነበረ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ገንቦ ውስጥ አስቀመጥኩት። ገንቦው እንደቀዘቀዘ ነበር፤ መድኃኒቱ ነው ያለቀው። የመጨረሻዋ ቀን ጠዋት "ወደ ግንቡ አውጪኝ" አልከኝ። ግማሽ ተሸክሜህ ግማሽ ደግፌህ አወጣሁህ፣ ጋቢህን ደረብኩልህና አጠገብህ ተቀመጥኩ። ጉሙ ከባድ ነበር። ፀሐይዋ ዘገየች። ቃሏን ትላለህ ብዬ ጠበቅኩ፤ አላልክም። "ዘሀራ፣ ጠጋ በይ" ብቻ አልከኝ። ጠጋ አልኩ። ፀሐይዋ ግንቡ ላይ ስትደርስ አንተ ሄደህ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰላት በፊት፣ ጥቂት ወንዶች ተሸክመው ቀበሩህ። ለቅሶ የለ፣ ድንኳን የለ። ሰው ሁሉ በየቤቱ በሩን ቆልፎ ነበር።

ከተማው መልሶ ሰው ሲሆን ቅሬው፣ ያው እድራችን፣ ተሰበሰበ። በዚያ ክፉ ጊዜ ሳይለቀስላቸው የተቀበሩትን ሁሉ፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም፣ በአንድ ድንኳን እናልቅስላቸው ተባለ። ደስ አለኝ። አንተን በዝምታ መቅበሬ ሆዴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ነበርና። ሸሆቹ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሶቹም በበኩላቸው ጸለዩ። ከዚያ እንደ ወጉ ሰው ስለየሟቹ የሚያውቀውን ያወራ ጀመር። ያንተ ተራ ሲደርስ አንዱ ስለ ትዕግሥትህ፣ ሌላው ልጁን በነጻ ስለማስጠናትህ ተናገረ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እያለቀስኩ፣ በውስጤ ደግሞ ሁሉም ባሌን አመሰገነ ብዬ እየኮራሁ ነበር።

ያኔ ትርንጎ ተነሣች።

በስም ነበር የማውቃት። የውጫሌ ልጅ፣ ካንተ ጋር እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ግሸን በኩል ሸሽታ የተረፈች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። የአምባሰል ሰው ሲናገርም የሚያዜም ይመስላል፤ እሷ ደግሞ እያለቀሰች ስትናገር ድንኳኑ ሁሉ ጸጥ አለላት። "ወንድሜ ይመር" አለች። እዚህ ድረስ ደህና። "ጠዋት ጠዋት ግንብ ሥር ፀሐይ እየሞቅን በአፕሪሲቲ የምንከራከር ወንድሜ፣ አሁን ከማን ጋር ልሙቅ?" አለችና እንባዋን ዘረገፈችው።

ይመር፣ የኔ እንባ ቀጥ አለ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ቃሏ ምን እንደሆነች አያውቁም፣ "ከማን ጋር ልሙቅ" የሚለውን ግን ሁሉም ሰምተዋል። እታለም ከድጃ ጉልበቴን ያዝ አድርጋ "አብሽሪ፣ አልቅሺ እንጂ፣ ምነው ደረቅሽ?" አለችኝ። ከየት አምጥቼ ላልቅስ? እኔ የማስበው ያንን ግንብ ነበር። ባሏ ሌላ ቤት አለው የተባለች ሴት ሰምቻለሁ። ባሏ ሌላ ግንብ አለው የተባለች የመጀመሪያዋ ሴት ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሏ በሄድኩበት ትከተለኝ ጀመር። ዓሣ ሊበሉ የመጡ ተማሪዎችህ በረንዳዬ ላይ ወንበር ወደ ፀሐይ እየሳቡ "አፕሪሲቲ እንሙቅ" ይባባላሉ። ውጫሌ ገበያ ሄጄ ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ ባጃጅ ከኋላው በትልልቅ ፊደል "አፕሪሲቲ" ብሎ ለጥፎ ቆሟል። ሹፌሩን ምን ማለት ነው አልኩት፣ የማላውቅ መስዬ። "ቲቸር ይመር ነው ያስተማረን፣ አላህ ይዘንለት። የጠዋት ፀሐይ ነገር ነው፣ ወላሂ ደስ ይላል። ግቢ እህቴ፣ ላድርስሽ" አለኝ። አልገባሁም። በቀትር ዘንቢሌን ተሸክሜ በእግሬ ሄድኩ። ልጁ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ቀረ።

ለኔ ቋጥረህ እንደሰጠኸኝ የያዝኩትን ለካ ሰሌዳ ላይ ጽፈህ ለክፍሉ ሁሉ ስታድል ኖረሃል። ለተማሪዎቹ እሺ፣ ተማሪ ልጅ ነው። በልጅ አይቀናም ብዬ ራሴን መከርኩ። የትርንጎን ነገር ግን ምንም ምክር አላረገበውም። ባሎቻቸው ሌሊት ከማን ጋር እንደሚያወሩ የማያውቁ ሴቶች ይቀናሉ፤ እኔ ጠዋት ከማን ጋር ስታወራ እንደነበር ነው ያልደረስኩበት። ጠዋት ደግሞ የኔ ነበር።

ይህ ብርድ ሲገባ አልቻልኩም። አንድ ጠዋት ሐያትን ለእታለም ከድጃ ትቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የምላትን ሁሉ መንገድ ላይ ስደረድር ነበር የሄድኩት፤ ደህና ደህና ስድቦችም ነበሩበት። ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ግንቡን ነው። የብሎኬት ነው። ብሎኬት እንደኛ ድንጋይ ሙቀት አይዝም። ከመንገዱ ሁሉ የመጀመሪያውን እፎይታ እዚያ ጋ ተነፈስኩ።

ትርንጎ ደብተር አቅፋ፣ ደወል እስኪደወል ብቻዋን ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። ስታየኝ ደነገጠች። ሰላምታም ሳልሰጣት "ያችን ቃል መቼ ነው የሰጠሽ?" አልኳት። የትኛዋን ቃል አላለችም።

"እሱ አልሰጠኝም፣ እህቴ ዘሀራ" አለች። "እኔ ነኝ ያገኘኋት።"

አዲስ የተመደበች ጊዜ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ መዝገበ ቃላት እንደነበራት ነገረችኝ። አንድ የብርድ ጠዋት መምህራኑ በተሰበሰቡበት ለሳቅ ብላ ቃሏን አነበበችላቸው። "ፀሐይ የሌለው አገር ለፀሐይ ስም ሲያወጣ" ብለው ሁሉም ሳቁ፣ ደወሉ ሳይደወልም ረሷት። አንተ ግን በማግስቱ መጥተህ "ያችን ቃል እስኪ ድገሚልኝ፣ ለአንድ ጉዳይ እፈልጋታለሁ" አልካት። አስደግመህ አስደግመህ በቃልህ ይዘሃት ሄድክ። ኒካሃችን በዚያው ሳምንት ነበር።

"ያገኘሁት ትርጉሟን ነው" አለችኝ። "የት እንደምትውል የሚያውቀው እሱ ነበር። እኔ እዚህ ቆሜ ዛሬስ አፕሪሲቲ ነው ስለው፣ የለም፣ ይሄ ብሎኬት ነው፣ አፕሪሲቲ እኔ ቤት ነው ያለው ይለኛል። በዚህ ነበር ጠዋት ጠዋት የምንከራከረው። አንድ ቀን ረትቼው አላውቅም።"

ደስ አለሽ ወይ ብትለኝ፣ አዎ፣ ደስ አለኝ። ብሎኬቱን ሳየው ያልኩትን አንተም ብለኸው ኖሯል። ግን ደስታውን የትምህርት ቤቱን በር ሳልወጣ ሌላ ቅናት ተካው። በኒካሄ ማግስት የሰጠኸኝ ስጦታ ከሌላ ሴት መጽሐፍ የወጣ ነበር ማለት ነው። እኔ መሐር፣ የኒካህ ጥሎሼ፣ አድርጌ የያዝኩት ነገር የተዋስከው ነበር። ለምን አልነገርከኝም? መልሱን አውቀዋለሁ። ብትነግረኝ ኖሮ "ውሰድና ለባለቤቷ መልስላት" እልህ ነበር። አንተም ይህን ታውቅ ነበር። እሱ ነው ደግሞ የባሰ የሚያናድደኝ። ያን ያህል የሚያውቀኝ ሰው አሁን የለኝም።

የደረደርኩትን ሁሉ ዋጥኩት። ስመለስ ከኋላዬ መጥታ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። መዝገበ ቃላቱ የት አለ ስላት ጦርነቱ ጊዜ ቤቷ ሲዘረፍ አብሮ እንደሄደ ነገረችኝ። ከዚያ ከአፌ እንዴት እንደወጣ ሳላውቀው "ቅዳሜ ጠዋት ነይ። ከብሎኬቱ የሚሻለውን ታዪዋለሽ" አልኳት። ቤት እስክደርስ ድረስ በራሴ ስናደድ ነበር።

መጣች። በጠዋቱ፣ ጉሙ ሳይነሣ። ነጠላዋ ስስ ነው፣ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል። ቀጥ ብላ ሄዳ ያንተ ቦታ ላይ ልትቀመጥ ስትል "እዚያ አይደለም" አልኳት። እዚያ ጋቢህን አጣጥፌ አኑሬበታለሁ። እኔ ካጠገቡ ተቀመጥኩ። እሷን በሩ ጥግ፣ አዲስ በተገነባው በኩል አስቀመጥኳት። ፀሐይ በመጨረሻ የምትደርሰው እዚያ ነው። አውቄ ነው። እሷም ሳታውቅ አልቀረችም፤ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ተቀመጠች።

ሐያት በመካከላችን እየተመላለሰች ትጫወታለች። ቃሏን አስተምሬያታለሁ፤ ከባጃጅ ከምትማራት ከእናቷ ትማራት ብዬ። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ወጣችና ጋቢህ ላይ አረፈች። ቀጥላ እኔን ጉልበቴን ነካችኝ። ሐያት አይታ "እማ፣ አፕሪሲቲ መጣ" አለች።

"ገና ነው" አልኳት። "ትርንጎ ጋ አልደረሰችም።"

ከተናገርኩት በኋላ ነው የሰማሁት። ትርንጎ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ሦስታችንም ጥላው ግንቡ ላይ እየሸሸ ሲሄድ አየን። ቆየ። ያንን ያህል እንደሚቆይ ረስቼው ነበር። በመጨረሻ ፀሐይዋ ጫማዋን ነካች፣ ከዚያ እጇን፣ ከዚያ ፊቷን፣ ሐያትም "አሁንስ?" አለችኝ። አሁን ይባላል አልኳት።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ አሁንም አንድ ነገር ይወጋኛል፣ ግን ተነሥቼ እከፍታለሁ። ያንተን ቦታ ለማንም አልሰጥም፣ ጋቢህም ከዚያ አይነሣም። በሚያዝያ የሚጠራትን፣ በቀትር የሚጠራትን፣ ሳይበርደው የሚጠራትን ሁሉ እንዳንተ አርማለሁ፣ የባጃጁን ልጅ ጭምር። ብርዱ በመጣ ቁጥር ፀሐይዋ መጀመሪያ ያንተ ጋቢ ላይ ታርፋለች፣ ከዚያ እኔ ላይ፣ ከዚያ እሷ ላይ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህን ተራ ማንም አይቀይረውም።

አላህ ማረፊያህን ያሙቅልህ። ጠጋ እንዳልኩ ነኝ።

ዘሀራህ